ሁሉም አባል ብቻውን እንዲመርጥ፦ በቱሉ ዲምቱ የአንድ የቁጠባ ማኅበር የኤሌክትሮኒክ ምርጫ

ማኅበሩና የቀድሞው ምርጫ

ቱሉ ዲምቱ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ የሚነሳበት የከተማዋ ጫፍ ነው። ኮንዶሚኒየሙ፣ የድሮው የገበሬ መንደርና በየጊዜው የሚጨመረው አዲስ ሰፈር ጎን ለጎን ይኖራሉ። የምጽፈው በዚህ አካባቢ ስላለ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አባላቱ የጉልት ነጋዴዎች፣ እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ሾፌሮች፣ የጥበቃ ሠራተኞች፣ አስተማሪዎችና ጡረተኞች ናቸው። አማርኛ የሚቀናው አለ፣ አፋን ኦሮሞ የሚቀናውም አለ። ማንበብ የማይችሉት ብዙ ናቸው። ዓይነ ስውራን፣ መስማት የተሳናቸው፣ በክራንችና በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ አባላትም አሉ። የማንንም ስም አልጠቅስም፤ የማኅበሩንም እንዲሁ።

በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት አንድ አባል ያለው አንድ ድምፅ ነው። ብዙ ቆጠበ፣ ጥቂት ቆጠበ ለውጥ የለውም። ችግሩ ድምፁ የሚሰጥበት መንገድ ላይ ነበር። ማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴውን ሲመርጥ የኖረው እጅ በማውጣት ነው። የብድር ማመልከቻ ላይ የሚፈርሙት ሰዎች ደግሞ ከዚሁ ኮሚቴ ናቸው። ነገ ወረቀትህን የሚያየው ሰው ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ለሌላ ዕጩ እጅ ማውጣት ይከብዳል። ባለፈው ምርጫ በዚያ ላይ ቆጠራው አከራከረ። እንደገና ይቆጠር ሲባል ግማሹ ሰው ታክሲ ፍለጋ ወጥቶ ነበር። ቂሙ ለወራት ቆየ።

ጠቅላላ ጉባኤው ቀጣዩ ምርጫ በምስጢር እንዲሆን ወሰነ። ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ ወጣት አባል በታብሌት የሚሠራ የምርጫ መተግበሪያ በነፃ ላዘጋጅ አለ። አስመራጭ ኮሚቴውም ተስማማ። እኔም አባል ነኝ። ወደ ሥራው የገባሁት አባላቱ መሣሪያውን ራሳቸው መጠቀም ይችሉ እንደሆነ እንድፈትሽ ተጠይቄ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ

የመጀመሪያው መተግበሪያ ለዓይን የሚያምር ነበር። ዘጠኝ ዕጩዎች በዝርዝር፣ ከየስማቸው አጠገብ ትንሽ ሳጥን፣ ከታች "ላክ" የሚል ቁልፍ። አምስት ሰው መምረጥ ግዴታ ነው። አስመራጭ ኮሚቴው ራሱ ሞከረው፤ ሁሉም ወዲያው ጨረሱ። ችግር የለውም ተባለ።

የኮሚቴው ሰዎች ግን ሁሉም የሚያነቡ፣ ሁሉም ስማርትፎን የሚይዙ ናቸው። ስለዚህ ታብሌቱን አባላት የወር ቁጠባ ሊከፍሉ ወደሚመጡበት ቢሮ ወሰድነው። እንዲሞክሩ የጋበዝነው ይከብዳቸዋል ብለን ያሰብናቸውን ነው። ሙከራው ቅስቀሳ እንዳይሆን በዕጩዎቹ ፋንታ የአትክልት ስምና ፎቶ አስገባን፦ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጎመን፣ ድንች።

አንዲት እንጀራ የሚጋግሩ እናት ጀመሩ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። ምንም አልሆነም። ጠበቅ አድርገው ተጫኑ። አሁንም ምንም የለም። የዚህ ዓይነቱ ስክሪን ግፊት አይለካም፤ የሚያነበው ከጣት የሚያገኘውን ጥቂት የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። ለዓመታት ከምጣድ ጋር የኖረ፣ የደረቀና የጠነከረ ጣት ብዙ ጊዜ አይታወቀውም። በሦስተኛው ሙከራ ጣታቸውን ተጭነው ሲያቆዩት ያልጠበቁት ሌላ ሳጥን ብቅ አለ። መተግበሪያው ቆየት ያለ ንክኪን እንደ ሌላ ትእዛዝ ነው የሚቆጥረው። ደነገጡ። "አበላሸሁት መሰለኝ" አሉና እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ መለሱ።

አጠገባቸው የቆመው የኮሚቴ አባል በቅንነት፣ "እማማ፣ የቱን ልጫንልዎ?" አላቸው። "ሽንኩርቱን" አሉት። ተጫነላቸው። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሰማ።

ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። ምስጢራዊ ምርጫ ያስፈለገው እጅ ማውጣት ለሚፈሩት ነበር። ታብሌት የማይቀናቸውም አብዛኞቹ እነሱ ናቸው። መሣሪያው እንደነበረ ቢቀጥል ምስጢሩ ስልክ ለለመደው ሰው ብቻ ይሆን ነበር። ለሌላው አባል የድሮው እጅ ማውጣት በሌላ ሰው ጣት ይቀጥላል።

በሙከራው ሌላም ብዙ ታየ። "ላክ" የሚለው ቁልፍ የሚገኘው ገጹን ወደ ላይ በመግፋት ነው፤ ይህን ያልለመደ ሰው ያለው ነገር ያየው ብቻ ይመስለዋል። ሦስት ዕጩ ብቻ መምረጥ የፈለጉ አንድ ጡረተኛ "ስህተት!" የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣባቸው። ሁለት ሰው ዝም ብለው ጨመሩና ገላገሉት። የእውነት ምርጫ ቢሆን ሁለት የማይፈልጓቸው ሰዎች ድምፅ ያገኙ ነበር። ፊደላችንም በትንሹ ሲጻፍ ይጨናነቃል። "ቡ" እና "ቢ"ን፣ "ሉ" እና "ሊ"ን የሚለየው በጎን ያለው አጭር ሰረዝ ቦታ ነው፤ የዓይን ሞራ ላለበት ሰው ይጠፋል።

ከዓይነ ስውራን አባላት አንዱ በስልኩ ላይ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ይጠቀማል። ጎበዝ ነው። ታብሌቱን ዳበስ አድርጎ የተናገረው ሥራችንን ቀየረው፦ "ስልኬን የምችለው ስለማውቀው ነው። የማላውቀውን መስታወት ስዳብስ ሳላስበው እመርጣለሁ። የሚዳሰስ ቁልፍ አምጡልኝ።"

የመጨረሻው ችግር ከሁሉም ረቂቅ ነበር። ድምፁ ሲላክ ስክሪኑ ለሚቀጥለው ሰው ወዲያው ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመለሳል። ብዙዎች ቆመው "ገባ ወይ?" ብለው ጠየቁ። ድምፃቸው መመዝገቡን የሚነግራቸው ነገር አልነበረም።

ስልክ ላይ ይሁን የሚለው ሐሳብ

በመሃል ከኮሚቴው አንድ ሐሳብ መጣ። ታብሌቱ ይቅርና እያንዳንዱ ከቤቱ በሞባይል በአጭር ቁጥር ይምረጥ። ርካሽ ነው፣ ደረጃ መውጣትም የለበት። ለአካል ጉዳተኛ አባላት ይመቻል የሚለው ክርክር ጠንካራ ነበር።

ተቃወምኩ፤ አሁንም ሐሳቤ ያው ነው። በብዙ ቤት ስልኩ የጋራ ነው። የሚስት ሲም ካርድ በባል ስም የወጣበት፣ የእናት ስልክ በልጅ እጅ የሚውልበት ቤት ሞልቷል። ከቤት ሲመረጥ ማን እንደተጫነ፣ ማን አጠገብ ቆሞ እንደነበር ማንም አያይም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 29 ሁለቱንም አብሮ ይጠይቃል፦ የምርጫው መንገድና መሣሪያ ተደራሽ ይሁን፣ ድምፁም ምስጢር ይሁን፣ ማንም አያስፈራራው። አንዱን ለማግኘት ሌላውን መሸጥ አይቻልም። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ሐሳቡ ቀረ።

የቁጥር ቁልፉ

ብራዚል በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መምረጥ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። መሣሪያው ላይ እንደ ስልክ ያለ የቁጥር መጫኛ አለ። መራጩ የዕጩውን ቁጥር ይጫናል፤ ፎቶው ይመጣል፤ ትክክል ከሆነ አረንጓዴውን፣ ካልሆነ ብርቱካናማውን ቁልፍ ይጫናል። ቁልፎቹ ላይ ብሬል አለ። ዓይነ ስውሩ አባላችን የጠየቀው ይህንኑ ነው። እኛም የሒሳብ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን በገመድ የሚሰካ አነስተኛ የቁጥር ኪቦርድ ገዝተን ከታብሌቱ ጋር አገናኘነው።

ወዲያው አንድ ነገር ተገለጠ። የዚህ ኪቦርድ ቁጥሮች የተደረደሩት እንደ ካልኩሌተር ነው፤ 7፣ 8፣ 9 ከላይ ናቸው። ሰዉ የለመደው የስልኩን ነው፤ ከላይ ያለው 1፣ 2፣ 3። ሳያዩ በጣታቸው የሚደውሉ ሰዎች 1 ብለው 7 ተጫኑ። ወጣቱ በፕሮግራሙ የላይኛውንና የታችኛውን ረድፍ አቀያየረና ትልልቅ ቁጥር ያለው ተለጣፊ ለጠፍንበት። በሁለቱም አደራደር 5 መሃል ላይ ስለሆነ በላዩ ያለችው ትንሽ እብጠት ትክክለኛ ቦታዋ ላይ ቀረች። ለማረጋገጥ የሚያገለግለው ቁልፍ አረንጓዴ ተለጣፊና በላዩ የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ ተደረገበት፤ በጣት ሲነኩት ይሻክራል። ለማረም የሚያገለግለው ቀይና ለስላሳ ሆነ። ዕጩዎቹን በማዳመጫ የሚያነበው የተቀዳ ድምፅ 0 ሲጫኑ ይደገማል።

ይህን ያዘጋጀነው ለዓይነ ስውራን አባላት ነበር። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ግን ከሁሉ በላይ የጠቀመው ማንበብ ለማይችሉት ሆነ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ቁጥር ያውቃል። ገንዘብ ይቆጥራል፣ ስልክ ይደውላል፣ የባስ ቁጥር ለይቶ ይሳፈራል። እንጀራ ጋጋሪዋ እናት ተመልሰው መጡ። ቁልፉ ሲጫን ጠቅ ይላል፣ ጣት ቢደርቅም ግድ የለውም። 4 ተጫኑ፤ የጎመን ፎቶ ስክሪኑን ሞላው፤ በጆሯቸው "ቁጥር አራት፣ ጎመን" አላቸው። አረንጓዴውን ተጫኑ። ማንንም ሳይጠይቁ ጨረሱ።

ሌሎቹ ለውጦች በአጭሩ እነዚህ ናቸው። ዝርዝሩ ቀርቶ በአንድ ጊዜ አንድ ዕጩ ብቻ በትልቅ ፎቶ ይታያል። የመጀመሪያ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ዕጩዎች ስለነበሩ ፎቶው በቅርብ የተነሳ እንዲሆን ተደረገ። ከአምስት ያነሰ መርጦ ማቆም ተፈቀደ፤ "ሦስት መርጠዋል፣ ከፈለጉ ሁለት ይቀርዎታል" ይላል። ቋንቋ መጀመሪያ ላይ ይመረጣል፤ ለአማርኛ 1፣ ለአፋን ኦሮሞ 2። አንዱ ጠረጴዛ በዊልቸር ለሚቀመጥ ሰው ዝቅ አለ። ታብሌቶቹ ከኢንተርኔትም ሆነ እርስ በርስ አልተገናኙም።

ለ"ገባ ወይ?" መልሱ ሁለት ሆነ። ሲያልቅ ድምፁ የመረጧቸውን በሙሉ ያነብና "ድምፅዎ ተመዝግቧል" ይላል። ከዚያ የሱቅ ደረሰኝ የሚያትም በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማተሚያ ወረቀት ያወጣል። መራጩ አይቶ አጥፎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ወረቀቱ ይቅር ያሉ ነበሩ፤ ወጪው ስለከበዳቸው። የናሚቢያን ነገር አነሳሁላቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ አገር አቀፍ ምርጫ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አካሄደች፤ መሣሪያው የወረቀት ማረጋገጫ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለ ወረቀት ማረጋገጫ በመሣሪያ መምረጥን ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጣጣምም አለ። ቆጠራ አከራክሮት ለወራት ቂም የያዘ ማኅበር ሊቆጠር የሚችል ወረቀት ያስፈልገዋል።

ረዳት የሚፈልግ ሰው ረዳቱን ራሱ ይመርጣል። አንድ ረዳት የሚረዳው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዕጩዎችና አስመራጮች መርዳት አይችሉም። ደንቡን አስመራጭ ኮሚቴው አስቀድሞ ጽፎ በግድግዳ ለጠፈው፤ ማንበብ ለማይችሉ በቁጠባ ቀን በቃል ተነገረ። በቁጠባ ቀን የመለማመጃ ታብሌት በአትክልቶቹ ፎቶ እስከ ምርጫው ድረስ ቢሮው ውስጥ ቆየ። ብዙዎች ወረፋ ሲጠብቁ ደጋግመው ሞከሩት፤ ልጆቻቸውም አብረው።

የምርጫው ቀን

እሑድ ጠዋት መብራት ጠፋ። ታብሌቶቹም ማተሚያዎቹም ባትሪያቸው ሙሉ ስለነበር ሥራው አልቆመም። ሳጥኑና ታብሌቱ በካርቶን ተከልለው ነበር። የአስመራጩ ሥራ ስም መመዝገብና ማስገባት ብቻ ሆነ።

አብዛኛው ሰው ብቻውን ገብቶ ብቻውን ወጣ። ረዳት የጠየቁት ጥቂት ነበሩ። ከዓይነ ስውራን አባላት አንዷ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ከተው ሲወጡ፣ ከዚህ በፊት በሰው በኩል ሳይሆኑ መርጠው እንደማያውቁ ነገሩን። ዓይነ ስውሩ ወጣት ደግሞ አንድ ቁጥር ተሳስቶ በቀዩ አርሞ ጨረሰ። የድሮው ኮሚቴ ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ ማን ማንን እንደመረጠ ግን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

ያልሠራው

መስማት ለተሳናቸው አባላት መመሪያው በምልክት ቋንቋ ተቀርጾ ታብሌቱ ላይ ገብቶ ነበር። አልጠቀመም። አስተርጓሚዋ በስክሪኑ ጥግ በጣም ትንሽ ሆና ነው የምትታየው፤ የጣቶቿ እንቅስቃሴ አይለይም። የጠቀመው በዕለቱ አስተርጓሚዋ በአካል መጥታ ከመከለያው ውጭ በመለማመጃው ታብሌት ማሳየቷ ነው።

የተቀዳው ድምፅ የዜና አንባቢ ዓይነት ነበር። ጥርት ያለ ግን ፈጣን። ዘጠኙን ዕጩ አንብቦ እስኪጨርስ የመጀመሪያዎቹ ይረሳሉ። ለምርጫው ቀን ቀስ ባለ ድምፅ ተቀድቶ፣ በየስሙ መሃል ፋታ ቢደረግም ለአንዳንድ አረጋውያን አሁንም ፈጠነ። ጆሯቸው የደከመም ነበሩ፤ ድምፁን ከፍ ማድረጊያ የሚዳሰስ ቁልፍ ስላልነበረ መጨረሻ ላይ ረዳት ጠሩ። ሁለት ጆሮ የሚሸፍነው ማዳመጫም በሻሽና በሂጃብ ላይ አልቀመጥ አለ። አንዱን ጎን በእጅ ይዞ ጆሮ ላይ ማስጠጋት ተሻለ፤ እንደ ስልክ።

አዳራሹ ደረጃ ነበረው። ሌላ ስላልተገኘ ነው የተያዘው። በዊልቸር የሚሄደውን አባል ሰዎች ተሸክመው አስገቡት። ጠረጴዛው ለእሱ ዝቅ ብሎ ሳለ በሩ ላይ ሰው ያሸከመ ምርጫ ተደራሽ ነበር ለማለት ይከብደኛል። እሱም ይህንኑ ነግሮናል፣ ልክ ነው።

ወረቀቶቹም ሲቆጠሩ በአንዱ ሳጥን ታብሌቱ ከመዘገበው አነሱ። ጥቂት ሰዎች ወረቀቱን እንደ ደረሰኝ ቆጥረው ይዘውት ሄደዋል። በማኅበሩ ቢሮ ገንዘብ ከፍለህ የሚሰጥህን ወረቀት ይዘህ መሄድ ነው ልማዱ፤ ስለዚህ አይፈረድባቸውም። ጉድለቱ ያሸናፊዎቹን ተርታ የሚቀይር አልነበረም። አስመራጭ ኮሚቴው ልዩነቱን በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ለጉባኤው አነበበ፤ ጉባኤውም ተቀበለው። ቢቀይር ኖሮ ግን ትልቅ ጣጣ ነበር። የመረጡትን የሚያሳይ ወረቀት ከአዳራሽ መውጣቱ ሌላም አደጋ አለው፦ አንዱ "ማንን መረጥክ? አሳየኝ" ሊል ይችላል። ህንድ ውስጥ መሣሪያው ወረቀቱን ከመስታወት ጀርባ ለ7 ሰከንድ አሳይቶ ራሱ ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል፤ መራጩ አይነካውም። የሚቀጥለው ማተሚያ እንዲህ ያለ ሳጥን ላይ መገጠም አለበት።

ለሌሎች ማኅበራት

ዕድርም ይሁን የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማኅበር ይህን መሞከር የሚፈልግ ካለ፣ መጀመሪያ መሞከር ያለባቸው የማያነቡ፣ የማያዩ፣ የማይሰሙና አረጋውያን አባላት ናቸው። ኮሚቴው በመጨረሻ ይሞክር። ሙከራውን ሲያደርጉ አይርዷቸው። እጅዎን ወደ ኋላ አድርገው ይመልከቱ። ሰው የሚቆምበትን፣ የሚያመነታበትን ቦታ የሚያሳየው ይህ ብቻ ነው። "ልጫንልዎ?" የሚለው ቃል የተሰማበት ቦታ ሁሉ መስተካከል ያለበት ቦታ ነው።

ንክኪ ስክሪን ብቻውን አይበቃም። የሚዳሰስ የቁጥር ቁልፍ ርካሽ ነው፤ ከዘጠኝ በላይ ዕጩ ካለ ግን ሁለት አሃዝ ስለሚያስፈልግ እንደገና ከሰው ጋር መሞከር ይገባል። በአገር አቀፍ ምርጫ ወረቀት ላይ እንዳለው ለየዕጩው ምልክት መስጠትም ታስቦ ነበር። ዕጩዎቹ በምልክቱ መጣላት ሲጀምሩ ተውነው፤ ፎቶና ቁጥር በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

ጊዜውንና ገንዘቡን ከመተግበሪያው ይልቅ ለመለማመጃው ይስጡ። ምርጫው ቀን ላይ ወረፋው የቀለለው አባላቱ ቀድመው ስለለመዱት ነው። የወረቀቱና የመሣሪያው ቆጠራ ቢለያይ የትኛው እንደሚጸና፣ ረዳት ማን መሆን እንደሚችል ከምርጫው በፊት በጽሑፍ ይወሰን። ውጤት ከታወቀ በኋላ የሚጻፍ ደንብ አንዱን ወገን የጠቀመ ይመስላል።

የቀረው

አንዳንድ አባላት ከቤት መውጣት አይችሉም። አንዲት ለረጅም ጊዜ የተኙ እናት በልጃቸው በኩል ጠይቀው ነበር፤ መልስ አላገኙም። አሁን በአስመራጭ ኮሚቴው የቀረበው ሐሳብ አንድ ታብሌት፣ ቁልፉ፣ ማተሚያውና የታሸገ ሳጥን በሁለት ታዛቢዎች ወደ ቤት እንዲሄድ ነው። ታዛቢዎቹ ሰውዬው ሲመርጥ ከክፍሉ ይወጣሉ፤ ቤተሰቡም እንዲሁ። ቤተሰብን ከገዛ ቤቱ ውጣ ማለት ይከብዳል የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ሆኖ ተይዟል። ደረጃ የሌለው አዳራሽ ፍለጋውም ተጀምሯል።